የትል መድኃኒት ከተወጋ በኋላ ቁርጠት የያዘው ውርንጭላ

ጥያቄ፦ "ኮምቦልቻ ነው የምንኖረው። ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወንድ ውርንጭላ አለን፤ ከጋሪ ፈረሳችን ጋር በአንድ በረት ያድራል። ሆዱ ተለቅ ያለ፣ ጠጉሩ ሻካራ ስለነበር ትናንት ጠዋት አይቨርሜክቲን አንገቱ ላይ ተወጋ። ዛሬ መብላት ትቷል። መሬት ይጭራል፣ ዞሮ ሆዱን ያያል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ይንከባለላል። ከትናንት ማታ ወዲህ ፋንድያ አልጣለም። አያቴ የኑግ ዘይት በነጭ ሽንኩርት በጠርሙስ ጋቱት፤ ትንሽ አሳለው። ጎረቤታችን ደግሞ 'ሽንት ከልክሎት ነው፣ አስሩጡት' ይላል። ምን እናድርግ?"

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ የሚቀድመውን ላስቀድም። ከአሁን በኋላ በአፉም ሆነ በአፍንጫው ምንም ነገር አትጋቱት። አታስሩጡት። ከፊቱ ያለውን ጭድም ፉርሽካም አንሱና ለእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ደውሉ፤ "እስኪነጋ እንየው" የሚባልበት ሰዓት አልፏል። ስትደውል ደግሞ "ፈረሴን ሆዱን አሞታል" ብለህ አትዝጋ። "ዓመት ያልሞላው ውርንጭላ ነው፣ ትናንት አይቨርሜክቲን ተወግቶ ዛሬ ቁርጠት ጀመረው፣ ፋንድያ ካየን አንድ ቀን ሊሞላው ነው" በል። ሐኪሙ ከቤት ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚወስነው ይህ ነው፤ በአፍንጫ የሚገባ የሆድ ቱቦና በርከት ያለ ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ሳይዝ ከመጣ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንደ መመለስ ነው።

ዕድሜው፣ ትልቁ ሆዱ፣ ሻካራው ጠጉሩና የተወጋበት ቀን አንድ ላይ ሲታዩ መጀመሪያ የሚያስጠረጥሩት ወስፋትን ነው። የፈረስ ወስፋት በሕክምናው ስም ፓራስካሪስ ይባላል። ነጭ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ትል ሲሆን ሴቷ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ልትረዝም ትችላለች። የሚኖረው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። ከ4 ወር እስከ አንድ ዓመት ባሉት ውርንጭሎች ላይ ይበረታል፤ ከዚያ በኋላ ሰውነታቸው መከላከሉን ይማራል። የጋሪው ፈረሳችሁ እዚያው በረት እያደረ ምንም ያልሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አይቨርሜክቲን ትሉን ሽባ ያደርገዋል። ሽባ የሆነ ትል በአንጀቱ ውስጥ ቦታውን ይዞ መቆም አይችልም፤ ከሌሎቹ ጋር ተጠላልፎ ወደ ታች ይገፋና ጠባቡ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቋጠራል። ብዙ ትል ያለበት ውርንጭላ ኃይለኛ መድኃኒት በወሰደ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ቁርጠት ሲይዘው ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት ይህንን መደፈን ነው። ይህ ግን ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም። ጋዝ፣ የደረቀ ጭድ፣ የተዋጠ ፌስታል፣ የአንጀት መጠምዘዝ ሁሉም በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ከታች በምነግርህ ልኬትና በሐኪሙ ቱቦ ነው።

አሁን ስለ መጋቱ። አያትህ ያደረጉት በከብት የተለመደውን ነው፤ ፈረስ ግን ከብት አይደለም። ፈረስ አያስመልሰውም፤ የጨጓራው በር ወደ ላይ ፈጽሞ አይከፈትም ማለት ይቻላል። ጨጓራው ደግሞ ከአካሉ አንጻር ትንሽ ነው፤ ሙሉ ፈረስ እንኳ ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፣ የእናንተው ከዚያ በእጅጉ ያንሳል። ቀጭኑ አንጀት ከተደፈነ ፈሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ጨጓራው ውስጥ ይጠራቀማል። በዚያ ላይ አንድ ጠርሙስ ዘይት መጨመር ጨጓራውን ወደ መፈንዳት ማቅረብ ነው። ሌላው፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ "ትንሽ አሳለው" ያልከው ነው። ራሱን ቀና አድርገው በጠርሙስ ሲያፈሱበት ፈሳሹ በቀላሉ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ሳንባ ውስጥ የገባ ዘይት ደግሞ በቀላሉ አይወጣም። ቁርጠቱ ቢሻለው እንኳ በሚቀጥሉት 2 ወይም 3 ቀናት ትኩሳት፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከአፍንጫ የሚወርድ ፈሳሽ ወይም የሚሸት ትንፋሽ ካየህ የሳንባ ምች ነውና በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገር። ነጭ ሽንኩርቱ በራሱ ብዙም አይጎዳውም። በእኛ አገር ከቁርጠት ጋር የሚታዘዙት አረቄ፣ የሳሙና ውኃ፣ የኦሞ አረፋ ግን ከነጭራሹ ይቅሩ፤ የሚያቃጥሉ ናቸው፣ ሳንባ ከገቡ ደግሞ ማጣፊያ የላቸውም።

ሩጫውም እንዲሁ። የሚያላበው ፈረስ ያለችውን ውኃ ይጨርሳል፤ የተደፈነ አንጀት በሩጫ አይከፈትም። የሚጠቅመው ቀስ ያለ እርምጃ ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል በአፍሳር እየሳባችሁ አራምዱት፣ ከዚያ አሳርፉት። ዝም ብሎ በደረቱ ወይም በጎኑ ከተኛ ይተኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማንገላታት ትርጉም የለውም። ማስነሳት ያለባችሁ ራሱን እየወረወረ ሲንከባለልና ከግድግዳ ጋር ሲጋጭ ነው። ያን ጊዜ ድንጋይና ምሰሶ ወደሌለበት ለስላሳ ሜዳ አውጡት። እናንተም ከኋላውና ከእግሮቹ በኩል አትቁሙ፤ ቁርጠት የያዘው ፈረስ የሚያውቀውንም ሰው አይለይም።

ስለ ሽንቱ፦ እግሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲወጠር ሰው ሁሉ "ሽንት ነው" ይላል። በፈረስ ይህ አቋቋም አብዛኛውን ጊዜ የሆድ ሕመም ነው፤ እውነተኛ የሽንት መዘጋት በዚህ ዕድሜ ብርቅ ነው። ወንድ ስለሆነ ግን አንድ ነገር አሁኑኑ ተመልከት። የዘር ፍሬ ከረጢቱን በቀስታ ዳስሰው። በአንድ ወገን ያበጠ፣ የጠነከረ ወይም የቀዘቀዘ ከሆነ አንጀት በዚያ በኩል ወርዶ ታንቆ ሊሆን ይችላል፤ እምብርቱም ላይ እንዲሁ እብጠት ካለ ተመልከት። ይህ ካለ ለሐኪሙ በስልክ ንገረው፣ ነገሩ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

ሐኪሙ እስኪደርስ በእጅህ ያለው ትልቁ መሣሪያ ሰዓትና ወረቀት ነው። በየ30 ደቂቃው የልብ ምቱን፣ ትንፋሹን፣ ድዱን፣ የሆድ ድምፁን ጻፍ፤ ሙቀቱን በየ2 ሰዓቱ።

የልብ ምቱን ከመንጋጋው ሥር ታገኘዋለህ። ጉንጩ ሰፍቶ በሚያልቅበት፣ የታችኛው መንጋጋ አጥንት በሚታጠፍበት ቦታ ሦስት ጣትህን ከአጥንቱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ብታንሸራትት እንደ ወፍራም ክር ከጣትህ ሥር የምታመልጥ የደም ሥር አለች። አውራ ጣትህን አትጠቀም፣ የራስህን ምት ትቆጥራለህ። ለስለስ አድርገህ ተጭነህ 30 ሰከንድ ቁጠርና በ2 አባዛው። ካላገኘሃት ከግራ ክርኑ ጀርባ ጆሮህን ወይም መዳፍህን ደረቱ ላይ አድርግ። እንዲህ ያለ ውርንጭላ ዕረፍት ላይ ሆኖ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ይመታል። አሁን በሕመሙና በፍርሃቱ 64 ወይም 68 ቢሆን አይገርምም። 80 ላይ ከቆመ፣ በተለይ ዝም ብሎ በቆመበት ሰዓት ከቆመ፣ ከባድ ነው። ከ100 ካለፈ በጣም ከባድ ነው። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አካሄዱ ይበልጥ ይናገራል፤ 64፣ 72፣ 84 እያለ የሚወጣ ፈረስ በዓይን የተረጋጋ ቢመስልም እየባሰበት ነው።

ትንፋሽ በዕረፍት በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ነው፤ ሽንጡ ሲነሳና ሲወርድ አንድ ብለህ ቁጠር። ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.6 ዲግሪ ይጠበቃል። ለዚህ የሰው ቴርሞሜትር ይበቃል፤ ጫፉን በቫዝሊን ቀብተህ፣ ክር አስረህበት፣ ክሩን በጣትህ ጠቅልለህ ያዝ፣ አለዚያ ተስቦ ይገባል። የቆምከው ከጎኑ ይሁን። ሙቀቱ 39.5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነገሩ ተራ መደፈን ላይሆን ይችላልና ከታች ስለ አፍሪካ ፈረስ በሽታ ያልኩትን ተመልከት። ድዱ ጤነኛ ሲሆን ሐመር ሮዝና እርጥብ ነው። በጣትህ ተጭነህ ስትለቀው ነጩ ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መቅላት አለበት። 3 ሰከንድ ከወሰደ፣ ድዱ ጣትህ ላይ ከተጣበቀ፣ ወይም ወደ ጥቁር ቀይ ወይም አመድማ ካደላ ፈሳሽ አጥሮታል፣ ደሙም እየተመረዘ ሊሆን ይችላል። የሆድ ድምፅ ለመስማት ጆሮህን በግራም በቀኝም ሽንጡ ላይ፣ ላይና ታች አድርገህ በየቦታው አንድ ደቂቃ አድምጥ። ጉርጉርታ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው፣ ፍጹም ጸጥታ መጥፎ። ባዶ በርሜል ላይ እንደሚጠባጠብ ውኃ ቀጭን የብረት ድምፅ ከሰማህ ጋዝ ተጠራቅሟል ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ድዱን ከመንካትህ በፊት። የእብድ ውሻ በሽታ በፈረስ ላይ አንዳንዴ በቁርጠት ይጀምራል። ድምፁ ከተለወጠ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ራሱን ከነከሰ፣ የኋላ እግሩ ከተልፈሰፈሰ ወይም ባለፉት ሳምንታትና ወራት ውሻ ነክሶት ከነበረ እጅህን ወደ አፉ አታስገባ። ያ ዘይት በጠርሙስ ሲጋት እጃቸው ምራቁን የነካው ሰው ካለና ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ከታየ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። እናንተ ጋ ይህ ነው እያልኩ አይደለም፤ ዋጋው ትልቅ ስለሆነ ብቻ ነው የማነሳው።

ሌላው መታየት ያለበት አፍንጫው ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ውኃ፣ አንዳንዴም ነጭ ትል፣ በአፍንጫው ከወረደ ጨጓራው ሞልቶ እየፈሰሰ ነው፤ ውኃም ቢሆን አትስጡት። አፍንጫው ንጹሕ ከሆነ ግን ንጹሕ ውኃ በባልዲ ከፊቱ አስቀምጡለት፣ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ፣ አታስገድዱት።

ድንገተኛ ጸጥታ ደግሞ አያታልላችሁ። ሲንከባለል ውሎ በአንዴ ተረጋግቶ ከቆመ፣ ነገር ግን ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ፣ ድዱ ከጠቆረና ልቡ ከ100 በላይ ከመታ፣ አልተሻለውም። ጨጓራው ወይም አንጀቱ ተቀዶ ውጥረቱ ስለረገበ ነው የተረጋጋው። እውነተኛ መሻል ከልብ ምት መውረድ፣ ከሆድ ድምፅ መመለስና ከፋንድያ ጋር ነው የሚመጣው።

ሐኪሙ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ክብደቱን ነው። ሚዛን አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ወዲያ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለካ። ከትከሻው አጥንት የፊት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት የኋላ ጫፍ ድረስ ደግሞ ርዝመቱን። ዙሪያውን በራሱ አባዛ፣ በርዝመቱ አባዛ፣ ለ10,900 አካፍል። ለምሳሌ ዙሪያው 120፣ ርዝመቱ 105 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 139 ኪሎ ይመጣል። ለሙሉ ፈረስ የሚካፈለው ለ11,880 ነው፤ ለውርንጭላ ያንን ከተጠቀምክ ክብደቱን አሳንሰህ ትገምታለህ። ከዚህ በታች ያሉትን መጠኖች በ140 ኪሎ አስልቻቸዋለሁ። ራስህ እንድትወጋው አይደለም፤ የሚሰጠው ነገር እንዲገባህና የጎደለውን እንድትጠይቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ቱቦው ነው የሚቀድመው። ቱቦው በአፍንጫ በኩል ጨጓራ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ውኃ ተሞልቶ ጫፉ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ከአንድ ሊትር በላይ ፈሳሽ ተመልሶ ከመጣ ቀጭኑ አንጀት ላይ መደፈን እንዳለ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ በቱቦው ምንም አይሰጥም፣ ጨጓራው በየ2 ሰዓቱ ይፈተሻል። ምንም ካልተመለሰ ከ1 እስከ 1.4 ሊትር ፈሳሽ ፓራፊን፣ ከዚያም 2 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ በየሊትሩ 9 ግራም ጨው ተበጥብጦበት፣ ይሰጣል። ፓራፊኑ ለምን በኑግ ዘይት አይተካም ብትል፣ የኑግ ዘይት ይፈጫል፤ ሳይፈጭ አልፎ የተቋጠረውን የሚያለሰልሰው ፓራፊን ነው።

ለሕመሙ በብዛት የሚመረጠው ፍሉኒክሲን ነው፤ በኪሎ 1.1 ሚሊ ግራም፣ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ካለው ጠርሙስ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆኑ ነው፣ በደም ሥር ብቻ። በጡንቻ ከተወጋ ጡንቻውን የሚያበሰብስ ኢንፌክሽን ሊከተል ይችላል። በ12 ሰዓት ውስጥ ደግሞ አይደገምም፦ የውኃ እጥረት ያለበትን ውርንጭላ ኩላሊቱንና ጨጓራውን ይጎዳል፣ ከዚያም በላይ ሕመሙን ሸፍኖ የአንጀቱን መባስ ይደብቃል። ፍሉኒክሲን ተሰጥቶት በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመልሶ የሚንከባለል ፈረስ የከፋ ነገር እንዳለበት ይቆጠራል። አትሮፒን አይሰጠው፤ ቁርጠቱን ያስታግሳል እየተባለ ይሰጣል፣ ግን የአንጀቱን እንቅስቃሴ ያቆመዋል። የሰው ሕመም ማስታገሻ የሆነው ዲክሎፌናክ አምፑልም እንዲሁ ይቅር። "ለሁሉም ኦክሲ" የሚለው ልማድ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ ለመደፈን ምንም አይፈይድም፣ በተጨነቀ ፈረስ ላይ ከባድ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሰው በተለምዶ "ግሉኮስ" የሚለው ነገር ላይ ቆም ልበል። 140 ኪሎ ያለው ውርንጭላ ከሰውነቱ 6 በመቶ ውኃ ካጣ የጎደለው 8.4 ሊትር ነው። በዚያ ላይ ለቀኑ ብቻ 7 ወይም 8 ሊትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንድ ወይም ሁለት ከረጢት ተሰቅሎለት "ተሰጠው" ከተባለ ያልተሰጠው ያህል ነው። የሚፈለገው ሪንገር ላክቴት ነው፣ ስኳር ያለበት ዴክስትሮስ አይደለም፤ መጀመሪያ 8 ሊትር ያህል ፋርማሲ ሄዳችሁ አዘጋጁ፤ ከረጢቶቹን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ አሙቋቸው። በደም ሥሩ የሚወጋው ሰው አንገት ላይ ያለውን ሥር የሚያውቅ መሆን አለበት፤ ከጎኑ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ቅዳ አለ፣ መድኃኒት እዚያ ከገባ ፈረሱ ወዲያው ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል።

በእጅ በፊንጢጣ መፈተሽ በዚህ ዕድሜ አይሞከርም። ክንድ የሚያስገባ ሰው ካለ ከልክሉት፤ አንጀቱ ጠባብ ነው፣ ይቀደዳል፣ የተቀደደ ፈረስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይድንም። በውስጡ የደረቀ ፋንድያ ለማየት በጓንትና በቫዝሊን አንድ ወይም ሁለት ጣት ይበቃል።

ወደ ደሴ መጫን ይሻላል ወይ ብለህ ልታስብ ትችላለህ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጠመዝማዛ ሽቅብ ነው፤ ሲንከባለል የነበረ ፈረስ በአይሱዙ ጀርባ ላይ ከወደቀ ራሱንም ያጀበውንም ሰው ይጎዳል። በኔ ግምት ሐኪሙን ወደ ፈረሱ ማምጣት ይሻላል። መጫን ግድ ከሆነ ከመነሳቱ በፊት ጨጓራው በቱቦ ይፈተሽ፣ ወለሉ ላይ አሸዋና ጭድ ይነጠፍ፣ ሁለት ሰው በራሱ በኩል ይሁን፣ መኪናው በየመታጠፊያው ይቀዝቅዝ።

መድኃኒቱ፣ ቱቦውና ሪንገሩ ተሠርቶበት የልብ ምቱ አሁንም ከ80 በላይ ከሆነ፣ ሕመሙ ከተመለሰና ከጨጓራው ፈሳሽ መውጣቱን ካላቆመ የቀረው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ለእናንተ የሚደረስበት አይመስለኝም። በዚያን ሰዓት ሌሊቱን ሙሉ ሲማቅቅ ከማየት በመድኃኒት እንዲያሳርፈው ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ለአያትህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚጀመር ክርክር ፈረሱን አይጠቅመውም። ከሞተም ሬሳውን ለአሞራና ለውሻ ሜዳ ላይ ከመጣላችሁ በፊት ምን እንደተወጋ አስቡ። ዲክሎፌናክ የተሰጠው ሬሳ ጥንብ አንሳን ይገድላል፣ ለማሳረፊያ የሚሰጠው መድኃኒትም ሬሳውን የበላውን እንስሳ ይገድላል። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርለት፣ ከቦርከና ወንዝም ከውኃ ጉድጓድም ይራቅ።

ቁርጠት ሳይሆኑ ቁርጠት ከሚመስሉት ሁለቱን ላንሳ። ትኩሳቱ 39.5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከዓይኑ በላይ ያለው ጉድጓድ ካበጠ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም በአፍንጫው አረፋ ከወረደ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ በፍጥነት ይነገር። የዶሮ መኖ በልቶ እንደሆነም ጠይቁ። በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ የሚገባው ሞኔንሲን የተባለ መድኃኒት ለዶሮ ምንም አይደለም፣ የፈረስን ልብ ግን ያቆማል። በጆንያ የተረፈ የጫጩት መኖ "ፉርሽካ ነው" ተብሎ ለውርንጭላ ከተሰጠ ላብ፣ መንቀጥቀጥና የቁርጠት ምልክት ይታይበታል። ይህ ከሆነ የመኖውን ጆንያ ለሐኪሙ አሳዩት።

አሁን ይሻለዋል እንበል። ፋንድያ መጣል ሲጀምር በእንጨት በትነህ እየው። ነጭ ረጃጅም ትሎች ከወጡ ግምታችን ትክክል ነበር። ጥቂቱን በባልዲ ውኃ በጥብጠህ 15 ደቂቃ አስቀምጠው፤ ሥሩ ላይ አሸዋ ከቀረ አፈርም ይበላ ነበር። ሁለት ጊዜ ፋንድያ ከጣለና ሕመሙ ከጠፋ 12 ሰዓት ከሞላው እፍኝ እርጥብ ሣር ወይም በውኃ የራሰ ፉርሽካ በየ3 ሰዓቱ ስጡት። በሁለተኛው ቀን የተለመደውን ሩብ፣ በአምስተኛው ቀን ሙሉውን። እህል፣ ፋጉሎና የቢራ አተላ ለአንድ ሳምንት አይቅረቡት። ከዚያም በኋላ አዲስ መኖ ከ7 እስከ 10 ባለው ቀን ውስጥ ቀስ እያለ ይግባ፣ በአንድ ቀን አይለወጥ። በቀን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ደረቅ መኖና ከ7 እስከ 10 ሊትር ውኃ ይበቃዋል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ከዚያም ይበልጣል። ደረቅ የማሽላ አገዳና ጭድ ብቻ እየበላ ውኃ ካጠረው በሚቀጥለው ጊዜ የሚደፈነው በትል ሳይሆን በጭድ ይሆናል። መኖውን ከመሬት አንስታችሁ በግማሽ በርሜል ወይም በገንዳ አቅርቡለት፤ በከተማ የሚያድግ ፈረስ ከመሬት ሲለቅም ፌስታል መዋጡ አይቀርም፣ ፌስታል ደግሞ መድኃኒት የለውም።

የተወጋበትን አንገት በየቀኑ ዳስሰው። ለከብት የተሠራው የአይቨርሜክቲን መርፌ ለፈረስ አይመረጥም፣ ለፈረስ የሚሆነው እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍራም ሆኖ በአፍ የሚሰጠው ፔስት ነው። ቦታው ካበጠ፣ ከጋለና ሲጫኑት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ከሥሩ ጋዝ የሚፈጥር ባክቴሪያ አለ፣ ይህም በራሱ አጣዳፊ ነው።

ቀሪው ትል ዛሬ አይነካም። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይታችሁ አንድ እፍኝ ትኩስ ፋንድያ አየር በማያስገባ ላስቲክ አስራችሁ፣ በጥላ ወይም በቅዝቃዜ ይዛችሁ፣ በዚያው ቀን ኮምቦልቻ ለሚገኘው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ወይም ለወረዳው ክሊኒክ ስጡ። ላስቲኩ ላይ ዕድሜውንና የተወጋበትን ቀን ጻፉበት። የወስፋት እንቁላል ከተገኘ አይቨርሜክቲን አትድገሙ። አንደኛ፣ በብዙ አገር ወስፋቱ ተላምዶታል፤ ሁለተኛ፣ ሽባ የማድረጉ ነገር ዛሬ ያየነውን ይደግማል። ትሉን ቀስ ብሎ የሚገድለው ፌንቤንዳዞል በኪሎ 10 ሚሊ ግራም ይሻላል፤ ለ140 ኪሎ 1,400 ሚሊ ግራም፣ ባለ 750 እንክብል ከሆነ ሁለት። እንክብሉን እንደ ከብት ጉሮሮው ውስጥ አትጨምሩት፣ ያንቀዋል፤ ፈጭታችሁ በራሰ ፉርሽካ ወይም በሞላሰስ ለውሱት። ከተሰጠው በ14ኛው ቀን ፋንድያው እንደገና ይታይ። በመጀመሪያው ቆጠራ 1,000 እንቁላል በግራም የነበረው ከ100 በታች ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም፣ ሌላ ይመረጣል። እንቁላሉ ሙጫ ያለው ነው፤ ከግድግዳ፣ ከገንዳና ከእናቲቱ ጡት ላይ ተጣብቆ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ መድኃኒት መርጨትም ብዙ አይገድለውም። የሚሠራው ፋንድያውን በየቀኑ መጥረግ፣ ገንዳውን በፈላ ውኃና በብሩሽ መፈግፈግ፣ የሚቀጥለውን ውርንጭላ ደግሞ ይህኛው ካደረበት ጥግ ማራቅ ነው።